ዓሣው የት መኖር ይወዳል?

የወንዝን ፍሰት ከዓሣ መኖሪያ ጋር ያገናኘው የኮምፒዩተር ስሌት ታሪክ

አንድ ወንዝ ተገድቦ ውሃው ወደ ተርባይን ወይም ወደ መስኖ ቦይ በሚመራበት ጊዜ፣ በቀድሞው የወንዙ መሄጃ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንዲቀር ያስፈልጋል? ጥያቄው ሲነገር ቀላል ይመስላል። መሐንዲሱ የግድቡን ቁመት፣ የቦዩን ስፋትና የተርባይኑን ጉልበት አስልቶ በቁጥር ያቀርባል። ከግድቡ በታች የሚኖረው ዓሣ ግን ለብዙ ዘመን በስሌቱ ሠንጠረዥ ውስጥ ረድፍ አልነበረውም። ረድፍ የሌለው ነገር ደግሞ ውሃ በሚከፋፈልበት ጠረጴዛ ላይ እንደ ዜሮ ይቆጠራል። ይህ ጽሑፍ የሚተርከው ያንን ዜሮ ወደ ቁጥር ለመለወጥ ስለ ተደረገው ጥረትና ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ስለ ተነሣው ክርክር ነው።

የመጽሔቱ አዘጋጆች ከሙያችን ታሪክ አንድ ምዕራፍ መርጬ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ይህንን መምረጤ ያለ ምክንያት አይደለም። የማኒንግን ቀመርና የውሃ ከፍታ ስሌትን የማያውቅ የውሃ መሐንዲስ የለም፤ እነዚሁ ቀመሮች እኛ ባላሰብነው አቅጣጫ ሄደው የሕያው ፍጥረትን ምርጫ ለመመዘን እንዴት እንደ ዋሉ ግን ከመካከላችን የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ውሃ በወንዝ ውስጥ መቅረቱ ብክነት በተባለበት አገር

ታሪኩ የሚጀምረው በአሜሪካ ምዕራባዊ ክፍለ ግዛቶች ነው። በዚያ አገር የውሃ ሕግ መሠረቱ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይጠቀማል የሚል ነበር። የውሃ መብት ለማግኘት ውሃውን ከወንዙ አውጥቶ ለማዕድን፣ ለእርሻ፣ ለከተማ ወይም ለኤሌክትሪክ ማዋል ያስፈልግ ነበር። በወንዙ ውስጥ እየፈሰሰ የቀረ ውሃ ግን ባለመብት አልነበረውም፤ እንዲያውም እንደ ብክነት ይታይ ነበር። ከዚህም የተነሣ በበጋ ወራት አንዳንድ ወንዞች ፈጽመው እስኪደርቁ ድረስ መቀዳታቸው ሕጋዊ ነበር።

ይህ አስተሳሰብ ቀስ በቀስ ተለወጠ። የኦሪገን ክፍለ ግዛት በ1955 ለወንዞች ዝቅተኛ የፍሰት መጠን መወሰን የሚያስችል ሕግ አወጣች። ኮሎራዶ በ1973 ውሃ ለተፈጥሮ አካባቢ ሲባል በወንዙ ውስጥ እንዲቀር መብት የሚያሰጥ ሕግ አጸደቀች። ሕጉ በሩን በከፈተ ጊዜ ግን ሌላ ችግር ተከተለ፤ ዳኛውም ሆነ የውሃ ቦርዱ «ስንት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። «ለዓሣ የሚበቃ» ብሎ መመለስ ደግሞ በሸንጎ ፊት አያስኬድም። ተቃራኒው ወገን በሴኮንድ ይህን ያህል ኪዩቢክ ሜትር፣ በዓመት ይህን ያህል ኪሎዋት ሰዓት፣ ይህን ያህል ዶላር እያለ በቁጥር ይከራከራልና።

ፈጣኑን መልስ ያመጡት ዶናልድ ቴናንት የተባሉ የፌዴራል የዓሣና የዱር አራዊት አገልግሎት ባለሙያ ናቸው። በ1976 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በሞንታና፣ በነብራስካና በዋዮሚንግ በሚገኙ 11 ወንዞች ላይ የተደረገውን ልኬት መሠረት በማድረግ፣ ከወንዙ አማካይ ዓመታዊ ፍሰት 10 በመቶው ዓሣን ለአጭር ጊዜ ብቻ በሕይወት የሚያቆይ፣ 30 በመቶው ደህና የሚባል መኖሪያ የሚሰጥ፣ 60 በመቶው እጅግ መልካም የሆነ ነው ሲሉ አስቀመጡ። ዘዴው የሞንታና ዘዴ ተብሎ በዓለም ተሰራጨ። ብርታቱ ግልጽ ነው፤ የፍሰት መዝገብ ያለው ሰው ከቢሮው ሳይወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ መልስ ያገኛል። ድክመቱም ከብርታቱ ጋር አብሮ ይገኛል፤ ዓሣው ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ ወንዙ ጥልቅና ጠባብ ይሁን ሰፊና ስስ፣ አይጠይቅም። ደግሞም ድርድር አያስተናግድም። የኃይል ማመንጫው ባለቤት «ከ30 በመቶ ወደ 25 ብንወርድ ዓሣው ምን ያህል ይጎዳል?» ብሎ ቢጠይቅ ቴናንት የሚሰጡት መልስ የለም።

በዚያው ዘመን በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ሃይድሮሎጂስቶች በሌላ መንገድ ሄደው ነበር። ሳልመን የተባለው ዓሣ እንቁላሉን በጠጠር ውስጥ በሚቀብርበት ቦታ ጥልቀትና ፍጥነት ይለካሉ፤ ከዚያም የወንዙን ክፍል እንደ ካርታ ነድፈው ጥልቀቱም ፍጥነቱም ለዓሣው የሚስማማበትን ስፋት ይቆጥራሉ። ፍሰቱ ሲጨምርና ሲቀንስ ሥራውን እንደገና ይደግማሉ። በመጨረሻ ፍሰትን ከሚስማማ ስፋት ጋር የሚያገናኝ መስመር በወረቀት ላይ ይወጣል። በሐሳቡ ውስጥ ሁሉ ነገር አለ፤ ጉልበቱ ግን የሚያልቅ አይደለም።

የዚህን ዘዴ «አዎ ወይም አይደለም» ባይነት ያለዘቡት ብራያን ዋተርስ የተባሉ ባለሙያ ናቸው። የሚስማማውን ቦታ በአንድ፣ ፈጽሞ የማይስማማውን በዜሮ፣ በመካከል ያለውን በክፍልፋይ መዝነው በ1976 አቀረቡ። ዋተርስ የሠሩት በካሊፎርኒያ ለሚገኝ ታላቅ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ነበር። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የተፈጥሮ ወዳጆች ከኃይል ኩባንያዎች ጋር ያደረጉት ትግል ሆኖ ስለሚተረክ፣ ከዋነኞቹ እርምጃዎች አንዱ ከኩባንያው ቢሮ መውጣቱን ልብ ማለት ይገባል።

የዋተርስ ጽሑፍ የተነበበበት ጉባኤ በግንቦት 1976 በአይዳሆ ርእሰ ከተማ በቦይዚ የተካሄደው ነው። ጉባኤውን በጋራ የጠሩት የአሜሪካ የዓሣ ሀብት ማኅበር ምዕራባዊ ክፍልና የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር የኃይል ክፍል ናቸው። የባዮሎጂ ሰዎችና የግድብ መሐንዲሶች ስለ አንድ ወንዝ በአንድ ቋንቋ ለመነጋገር በዚህ መጠን ሲሰበሰቡ ከመጀመሪያዎቹ አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነበር።

ፎርት ኮሊንስ

በዚያው ዓመት በኮሎራዶ፣ በፎርት ኮሊንስ ከተማ፣ በፌዴራሉ የዓሣና የዱር አራዊት አገልግሎት ሥር ከተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የተውጣጣ አንድ ቡድን ተቋቋመ። መሪው ክሌር ስታልናከር ነበሩ። ኬን ቦቪ የዓሣውን ጉዳይ ያዙ። የሃይድሮሊክሱ ሥራ የሮበርት ሚልሃውስ ድርሻ ሆነ። ሚልሃውስን በደለል ትምህርት ያለፉ አንባብያን ሊያውቋቸው ይችላሉ፤ በኦሪገን በኦክ ክሪክ ጠጠራማ ጅረት ላይ ያደረጉትና በ1973 ያቀረቡት የደለል ልኬት እስከ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ይጠቀሳል።

ቡድኑ የደረሰበት ውጤት ፋብሲም የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ስብስብ ነው። ፋብሲምን ከፖለቲካና ከድርድር ሥርዓት ጋር አያይዞ የሚይዘው ሰፊው ዘዴ ደግሞ አይ.ኤፍ.አይ.ኤም. ይባላል። ሁለቱን አንድ አድርጎ መጥራት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ፋብሲም መሣሪያው ሲሆን አይ.ኤፍ.አይ.ኤም. ግን ችግሩን ከመለየት ጀምሮ እስከ ስምምነት ድረስ ያለውን የሥራ መንገድ ሁሉ ይይዛል። ቦቪና ሚልሃውስ የሃይድሮሊክሱን መሠረት በ1978 አሳተሙ፤ የቦቪ ዝርዝር የአሠራር መመሪያ በ1982 ወጣ።

የአሠራሩን ባሕርይ ሳይረዱ ክርክሩን መከተል ስለማይቻል ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ የወንዙን ጠባይ ይወክላል በሚባል ክፍል ላይ ከዳር እስከ ዳር መስመሮች ይዘረጋሉ። በየመስመሩ ላይ በየተወሰነው ርቀት ጥልቀት፣ የውሃ ፍጥነትና የወለሉ ዓይነት፣ ማለትም አሸዋ፣ ጠጠር ወይም ድንጋይ መሆኑ ይመዘገባል። እያንዳንዱ ነጥብ በዙሪያው ያለችውን ትንሽ የወንዝ ክፍል ይወክላል፤ ይህችን ክፍል ሕዋስ እንበላት። ልኬቱ በዝቅተኛ፣ በመካከለኛና በከፍተኛ ፍሰት ይደገማል። ከዚያ ወዲያ ኮምፒዩተሩ ሥራውን ይረከባል። ከተለኩት ፍሰቶች ተነሥቶ የማኒንግን ቀመር ወይም የውሃ ከፍታና የፍሰትን ዝምድና በመጠቀም፣ ባልተለኩት ፍሰቶች ጊዜ በየሕዋሱ ምን ያህል ጥልቀትና ፍጥነት እንደሚኖር ይተነብያል። እስከዚህ ድረስ ሥራው ለማንኛውም የሃይድሮሊክስ መሐንዲስ እንግዳ አይደለም።

አዲሱ ነገር የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ለእያንዳንዱ የዓሣ ዝርያና የዕድሜ ደረጃ ሦስት መስመሮች ይዘጋጃሉ፤ አንዱ ለጥልቀት፣ አንዱ ለፍጥነት፣ አንዱ ለወለል። መስመሮቹ ከዜሮ እስከ አንድ የሚሄዱ ሲሆኑ የዓሣውን ምርጫ ይገልጻሉ። ኮምፒዩተሩ የሦስቱን ዋጋ ያባዛና በሕዋሱ ስፋት ይመታዋል። ለምሳሌ ስፋቷ 6 ካሬ ሜትር የሆነች ሕዋስ ብትኖር፣ በአንድ ፍሰት ጊዜ የጥልቀቷ ዋጋ 0.8፣ የፍጥነቷ 0.5፣ የወለሏ 1 ቢሆን፣ ለዓሣው 2.4 ካሬ ሜትር ታበረክታለች። ፍሰቱ ሲጨምር ጥልቀቱ ወደ 1 ቢያድግና ውሃው ፈጥኖ የፍጥነቱ ዋጋ ወደ 0.2 ቢወርድ፣ ያችው ሕዋስ የምታበረክተው 1.2 ካሬ ሜትር ብቻ ይሆናል። የሕዋሶቹ ሁሉ ድምር የተመዘነ ጠቃሚ ስፋት ይባላል። ይህን ድምር ለየፍሰቱ ደጋግሞ በማስላት አንድ መስመር ይነደፋል፤ በታች ፍሰቱ፣ በጎን ደግሞ ለዓሣው የተረፈው ስፋት።

የዘዴው ታላቅነት በዚህ መስመር ላይ ነው። ቴናንት አንድ ነጥብ ሰጡ፤ ፎርት ኮሊንስ ግን መስመር ሰጠ። በመስመር ላይ ሁለት ወገኖች ወደ ላይና ወደ ታች እየሄዱ ሊደራደሩ ይችላሉ። ይህን ያህል ውሃ ቢጨመር ይህን ያህል መኖሪያ ይገኛል፤ ይህን ያህል ቢቀነስ ይህን ያህል ይጠፋል። የውሃ ቦርዱ ከኪሎዋት ሰዓቱ አጠገብ የሚያስቀምጠው ነገር ተገኘ። በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ የግድብ ፈቃድ ሰጪው ኮሚሽን ለዓሣና ለዱር አራዊት ከኃይል ማመንጨት እኩል ትኩረት እንዲሰጥ ባዘዘ ጊዜ፣ ፈቃዳቸውን ለማደስ የሚመጡ የግድብ ባለቤቶች ይህንኑ ስሌት ይዘው መቅረብ ጀመሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዘዴው በአሜሪካ ከሌሎች ሁሉ ይልቅ የሚሠራበት ሆነ። ፕሮግራሙም ከትልልቅ ማዕከላዊ ኮምፒዩተሮች ወጥቶ በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጡ ማሽኖች መሥራት ቻለ።

የምርጫው መስመር ከየት መጣ?

ጀርባውን ያልመረመርነው ጥያቄ ይህ ነው፤ ዓሣው ጥልቀቱን 0.8 ያህል ይወደዋል ያለው ማን ነው?

መስመሮቹ የተገኙት በሦስት መንገድ መሆኑን ቦቪ ራሳቸው በ1986 ባወጡት ጽሑፍ ግልጽ አድርገዋል። የመጀመሪያው በባለሙያዎች አስተያየት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ወንዙን የሚያውቁ ሰዎች ተሰብስበው ይስማሙበታል። ሁለተኛው በዓይን የታየውን ይመዘግባል። ጠላቂው ፊቱን ውሃ ውስጥ አድርጎ ከታች ወደ ላይ እየዋኘ ዓሣ ሳይደነግጥ ቆሞ ያየበት ቦታ ላይ ምልክት ይጥላል፤ ሌላው ሰው ተከትሎ በምልክቱ ላይ ጥልቀትና ፍጥነት ይለካል። ሦስተኛው ይህንን በወንዙ ውስጥ ከነበረው ቦታ ሁሉ ጋር ያነጻጽራል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ዘጠና በመቶው ስስ በሆነ ወንዝ ውስጥ ዓሦች በስሱ ውሃ በብዛት ቢታዩ፣ ስሱን ወደውት ነው ወይስ ሌላ አጥተው? ሰው በጠባብ ቤት መኖሩ ጠባብ ቤት መውደዱን አያሳይም።

በተጨማሪም በትራውት ላይ የተደረገው ጥናት አንድ አስገራሚ ነገር አሳይቷል። ትራውት፣ በእኛም አገር ከውጭ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች የተለቀቀው ዓሣ፣ ምግቡን በአብዛኛው ከሚያልፈው ውሃ ላይ ይለቅማል። ስለዚህ ራሱ የሚቆመው ጉልበት በማያስጨርሰው ዝግተኛ ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ ከጎኑ ግን ምግብ የሚያመጣ ፈጣን ውሃ ይፈልጋል። ትርፉ ያለው በሁለቱ ፍጥነቶች ድንበር ላይ ነው። ፋብሲም በመጀመሪያው ቅርጹ የሚያየው ግን ዓሣው የቆመበትን ሕዋስ ብቻ ነው፤ የጎረቤቱን ሕዋስ ፍጥነት ለማየት ተጨማሪ ስሌት ያስፈልገዋል። በዚያ ላይ ፍጥነቱ የሚለካው በልማዳችን ከውሃው ገጽ 0.6 ጥልቀት ላይ ሲሆን፣ ዓሣው ግን ወደ ወለሉ ተጠግቶ ከድንጋይ ጀርባ ተሸሽጎ ይገኛል። የሰው መለኪያና የዓሣ አፍንጫ በአንድ ቦታ አይገናኙም።

ስለ ሃይድሮሊክሱም ዝም ማለት አይገባም። የማኒንግ ቀመር የተሰናዳው ለተስተካከለ ፍሰት ነው። በትላልቅ ድንጋዮች መካከል በሚጋጭ ጅረት ውስጥ ለእያንዳንዷ ሕዋስ የተለየ የሻካራነት ቁጥር ሲሰጥ፣ ቁጥሩ የወለሉን ሻካራነት መግለጹ ይቀርና የልኬቱን ጉድለት ሁሉ የሚሸከም ማስተካከያ ይሆናል። ይህ በመሐንዲስ ዓይን ከባዮሎጂው ችግር ያነሰ አይደለም፤ ሆኖም በክርክሩ ውስጥ የተሰጠው ቦታ አነስተኛ ነው።

ክርክሩ

በ1985 ማቱርና ሦስት ባልደረቦቻቸው በካናዳ የዓሣ ሳይንስ መጽሔት ላይ ዘዴውን በብርቱ ተቹ። የትችታቸው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። የምርጫው መስመሮች እንደ ዕድል ስሌት ተወስደው ይባዛሉ፤ ነገር ግን የዕድል ስሌት አይደሉም። ጥልቀትና ፍጥነት አንዱ ከሌላው ነጻ እንደ ሆነ ተደርጎ ይታሰባል፤ ነጻ አይደሉም። ከሁሉም በላይ ጠቃሚ ስፋት ሲጨምር የዓሣው ብዛት እንደሚጨምር በጸጥታ ይታመናል፤ ይህ ግን አልተረጋገጠም። ቨርጂኒያዊው ዶናልድ ኦርዝና ዩጂን ሞጋን በተከታዩ ዓመት ለዘዴው መከላከያ ጻፉ። ዘዴው የዓሣ ቆጠራ አይደለም፤ የሚለካው መኖሪያን ነው፤ ዓሣው ከመኖሪያ ሌላ በምግብ፣ በሙቀት፣ በበሽታና በአስጋሪ ይወሰናል አሉ።

መልሱ ትክክል ነው፤ ግን በከፊል። ቤት የሚለካ ሰው ነዋሪዎቹን አልቆጠርሁም ማለት ይችላል፤ ውሃው የሚከፈለው ግን ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ ነዋሪዎቹ ነው። ከዚህ በተረፈ ዘዴው በተግባር ሲሠራበት የሐሳቡን ባለቤቶች የከዳበት ነጥብ አለ። መስመሩ የተሰናዳው ለድርድር ሆኖ ሳለ፣ ብዙ አጥኚዎች የመስመሩን ጫፍ፣ ማለትም ጠቃሚው ስፋት ከሁሉ የሚበልጥበትን ፍሰት ፈልገው «ዓሣው የሚፈልገው ይህ ነው» ወደ ማለት ተመለሱ። ለትናንሽ ዓሦች ጫፉ ብዙ ጊዜ በዝቅተኛ ፍሰት ላይ ስለሚገኝ፣ ከተፈጥሮ ፍሰት ያነሰ ውሃ ከተፈጥሮው ይሻላል የሚል እንግዳ ድምዳሜ ይወጣል። ቁጥሩን የሚወድ ገንቢ ደግሞ ይህን ድምዳሜ ለመቀበል አይዘገይም።

ማስረጃው ግን በአንድ ወገን ብቻ አልቆመም። በኒው ዚላንድ ኢያን ጆዌት በ1992 ባወጡት ጥናት ለትልልቅ ቡናማ ትራውት የሚስማማው ስፋትና የምግባቸው የነፍሳት መኖሪያ ስፋት ከዓሦቹ ብዛት ጋር በግልጽ እንደሚዛመድ አሳዩ። በኮሎራዶ ደግሞ ኔሪንግና አንደርሰን በ1993 ሲያሳትሙ፣ የትራውት ብዛት የሚዛመደው ከዓመቱ ሁሉ መኖሪያ ጋር ሳይሆን፣ ጫጩቶች ከጠጠር በሚወጡባቸው ጥቂት ሳምንታት ካለው መኖሪያ ጋር መሆኑን አገኙ። ይህ ግኝት ለእኔ ከብዙ ትችት የበለጠ አስተማሪ ነው፤ ጠባቡ በር የትኛው ወር እንደ ሆነ ካልታወቀ ትክክለኛው ስሌት በተሳሳተው ወር ላይ ይሠራል።

በ1996 አንድ የሳይንቲስቶች ቡድን በጋራ ባወጡት አጭር ጽሑፍ ለአንድ ዝርያ የሚበቃውን ፍሰት በሳይንስ አረጋግጦ የሚወስን ዘዴ በዚያን ጊዜ እንዳልነበረ ጽፈው፣ መጀመሪያ ጠንቃቃ ፍሰት እንዲለቀቅ፣ ከዚያም ውጤቱ እየተለካ እንዲሻሻል መከሩ። ጆን ዊልያምስም በዚያው ዓመት መስመሮቹ የተዘረጉባቸውን ቦታዎች በዕጣ ደጋግሞ በመምረጥ፣ የስሌቱ የእርግጠኝነት ወሰን ምን ያህል ሰፊ መሆኑን አሳዩ። በሸንጎ ፊት በቀጭን መስመር የቀረበው በእውነቱ ወፍራም ቀበቶ ነበር ማለት ነው።

ዘዴው በሸንጎ የታየበትን አንድ ጉዳይ መጥቀስ ይገባል። የሎስ አንጀለስ ከተማ ከ1941 ጀምሮ ወደ ሞኖ ሐይቅ የሚፈሱትን ጅረቶች ጠልፋ ትወስድ ነበር፤ ረሽ ክሪክ የተባለው ጅረት የታችኛው ክፍል ደርቆ ኖረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ውሃው ከግድቡ ሲተርፍ ትራውት ተመልሶ ታየ። ተመልሶ የታየ ዓሣ ክስ የሚመሠረትበት ምክንያት ሆነ። የካሊፎርኒያ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1989 ከግድብ በታች ዓሣን የሚጠብቅ ውሃ መለቀቅ አለበት ሲል ወሰነ። የክፍለ ግዛቱ የውሃ ቦርድ በ1994 የፍሰቱን መጠን ሲቆርጥ፣ ከቀረቡለት ማስረጃዎች መካከል በዚህ ዘዴ የተሠሩት ጥናቶች ይገኙ ነበር። ቦርዱ ግን በዚያ ብቻ አላበቃም፤ ጅረቱን የሚያጥብና የጠጠሩን ወለል የሚያድስ ከፍተኛ ፍሰትም እንዲለቀቅ አዘዘ። ፋብሲም ወለሉን የማይለወጥ አድርጎ ስለሚወስድ ይህን ከራሱ ሊናገር አይችልም ነበር።

ከኮሎራዶ ውጭ

ዘዴው ወደ ሌሎች አገሮች በተሻገረ ጊዜ መልኩን ለወጠ። ጆዌት በኒው ዚላንድ የራሳቸውን ፕሮግራም ጻፉ። በጀርመን በሽቱትጋርት ዩኒቨርሲቲ ክላውስ ዮርደ የጀመሩት ካሲሚር የተባለ ሞዴል፣ የተባዙ መስመሮችን ትቶ «ጥልቀቱ መካከለኛ፣ ፍጥነቱም ዝቅተኛ ከሆነ መኖሪያው መልካም ነው» የሚል ዓይነት የባለሙያ አባባልን በስሌት እንዲገልጥ ተደረገ። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ፍሰቱን በሁለት አቅጣጫ የሚያሰላ ነጻ ፕሮግራም አዘጋጀ፤ በድንጋይ ጀርባ የሚሽከረከረው ውሃ በዚህ ጊዜ በካርታው ላይ ታየ። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ጃኪ ኪንግና ርብቃ ታርም በኦሊፋንትስ ወንዝ ላይ ዘዴውን ከፈተኑ በኋላ፣ መረጃው ጥቂት፣ ጊዜውም አጭር ለሆነበት አገር ሌላ መንገድ እንደሚያሻ አመኑ፤ ከዚያ የተነሡት ዘዴዎች ለሌሴቶ ከፍተኛ ቦታዎች የውሃ ሥራ አገልግለዋል። ታርም በ2003 ሲቆጥሩ በ44 አገሮች 207 ዘዴዎች ነበሩ፤ የመኖሪያ ስሌት ከእነዚህ 28 በመቶ ያህሉን ይዟል።

በሌላ በኩል ከወንዙ ልኬት ይልቅ በካርታና በመዝገብ የሚሠራ ሌላ የስሌት ዘር አደገ። ኒው ዚላንድ ከ1977 ጀምሮ የያዘችው የንጹሕ ውሃ ዓሦች መዝገብ ለዚህ ጠቀመ፤ በ2008 የወጣው የኤሊትና የባልደረቦቻቸው ታዋቂ የስሌት መመሪያ ምሳሌ ያደረገው በዚያ አገር የሚገኘውን አጭር ክንፍ እባብ መሰል ዓሣ ነው። ይህ ዓይነቱ ሞዴል ዝርያው በየትኛው ተፋሰስ ሊገኝ እንደሚችል ይነግራል፤ ከግድብ በታች ስንት ኪዩቢክ ሜትር ይለቀቅ ለሚለው ግን አይመልስም።

በካሊፎርኒያ ስቲቭ ሬይልስባክና ብሬት ሃርቪ የምርጫውን መስመር ጭራሽ ተዉት። በእነርሱ ሞዴል ውስጥ እያንዳንዱ ዓሣ ለብቻው ይኖራል፤ በየቀኑ በአቅራቢያው ካሉት ሕዋሶች መካከል የሚያገኘውን ምግብ ከመበላት አደጋ ጋር አመዛዝኖ አንዷን ይመርጣል። ምርጫ እዚህ ላይ የስሌቱ ግብአት መሆኑ ቀርቶ ውጤት ሆነ። ሬይልስባክ በ2016 የፋብሲም የአገልግሎት ዘመን እንዳበቃ ሲጽፉ፣ ስታልናከርና ባልደረቦቻቸው በተከታዩ ዓመት መለሱላቸው። ለብዙ ዓመታት የቆየው ክርክር በዚያው መጽሔት እንደገና ተከፈተ።

ጣና

በእኛ አገር ይህ ጥያቄ የሚገጥመን ከሁሉ በፊት በጣና ሐይቅ ነው። በጣና ውስጥ ቢያንስ 15 የሌቢዮባርበስ ዝርያዎች ይኖራሉ፤ አስጋሪዎች ነጭ ዓሣ የሚሏቸው ናቸው። በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ ተለያይተው የተገኙ የዚህ ወገን ዓሦች በዓለም ሌላ የሉም። ከእነርሱም ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወንዞች ወጥተው፣ ጠጠራማና ንጹሕ ውሃ ያለባቸውን የላይኛውን ክፍሎች ይፈልጋሉ። በሐይቁ መውጫ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ በር በ1996 ተሠርቶ በ2001 ተስፋፋ፤ በግንቦት 2010 የተመረቀውና 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ይወስዳል። በርብና በመገጭ ላይም የመስኖ ግድቦች ሥራ ተካሂዷል።

ከጨረጨራ በታች ለሚገኘው የዓባይ ክፍል ማካርትኒና ባልደረቦቻቸው በ2009 ባወጡት ጥናት፣ መሠረታዊውን የተፈጥሮ ሥርዓት ለመጠበቅ በዓመት በአማካይ 862 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር፣ ይኸውም ከአማካይ ዓመታዊ ፍሰት 22 በመቶ እንደሚያስፈልግ ገምተዋል። የተጠቀሙበት ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ሞዴል በፍሰት መዝገብ ላይ የቆመ ነው፤ ከቴናንት ይልቅ የረቀቀ ቢሆንም እንደ እርሳቸው ሁሉ ዓሣውን በስሙ አይጠይቅም።

እንግዲህ ለጉማራ የምርጫ መስመር እናውጣ ብንል የኮሎራዶው መንገድ ወዲያው ይሰናከላል። ዓሦቹ የሚወጡት ወንዙ ሞልቶ ጭቃማ በሚሆንበት ወራት ነው፤ ጠላቂ ፊቱን ቢያጠልቅ የገዛ እጁን አያይም። ፍሰቱ በሰዓታት ውስጥ ስለሚለዋወጥ ሦስቱን የፍሰት ልኬቶች በተረጋጋ ውሃ ላይ ለመያዝ ያስቸግራል። ደግሞም በ1990ዎቹ ውስጥ በወንዝ የሚራቡት የጣና ሌቢዮባርበሶች ብዛት ወደ 75 በመቶ ያህል ሲቀንስ፣ አጥኚዎቹ ዋነኛ ምክንያት ያደረጉት በወንዞቹ አፍ ላይ የሚዘረጋውን መረብ እንጂ የመኖሪያ ማነስን አልነበረም። በዚያ ዘመን ፋብሲም በጉማራ ላይ ቢሠራ ኖሮ ሰፊና መልካም መኖሪያ፣ ነገር ግን ባዶ ቤት ባሳየን ነበር።

ይህም ሆኖ ከኔሪንግና ከአንደርሰን ግኝት ተነሥቶ ሊጀመር የሚችል አንድ ሥራ አለ። ክረምቱ ሲያልፍ ጫጩቶቹ ወደ ሐይቁ እስኪመለሱ ድረስ በወንዞቹ ውስጥ በሚቀሩ ገንዳዎች ይቆያሉ። ውሃው በዚያን ጊዜ ይጠራል፤ ፍሰቱም ይረጋጋል። የመስኖ ፓምፖች ከወንዙ የሚስቡትም በእነዚሁ ደረቅ ወራት ነው። በገንዳዎቹ ላይ የሚዘረጋ መስመር፣ የፍጥነት መለኪያና የጫጩት ቆጠራ መዝገብ ከኅዳር እስከ የካቲት ለጥቂት ተከታታይ ዓመታት ቢያዝ፣ ስንት ፓምፕ ስንት ገንዳ እንደሚያደርቅ ለማስላት ትልቅ ኮምፒዩተር እንኳ አያስፈልግም።